የደብሪቱ ክምር

ከዘንጋ ወንዝ ማዶ፣ በሽንበቄ ቀበሌ በኩል፣ መንገዱ ወደ ውሃው ከሚወርድበት ቦታ ላይ አንድ የድንጋይ ክምር አለ። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ ከሥሩም ቃሬዛ የሚያሳርፍ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተዘርግቷል። ያገሩ ሰው «የደብሪቱ ክምር» ይለዋል። ቤት የሚሠራ ሰው ለመሠረት ድንጋይ ቢቸግረው እንኳ ከዚያ አይወስድም፤ መንገደኛም በዚያ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ለምን ተብሎ ቢጠየቅ ብዙው ሰው «ደግ አይደለም» ከማለት በቀር የሚመልሰው የለውም። ሽማግሌዎቹ ግን ነገሩን ያውቁታል፤ ረጋ ብሎ የሚሰማ ጆሮ ካገኙም ይናገሩታል።

በዚያው አገር ሌላም ልማድ አለ። ለሕመምተኛ የሚሆን ነገር፣ ጤና ጣቢያም ይሁን መድኃኒት ቤት፣ እዚህ ይሠራ እዚያ ይሠራ ብሎ ሊወስን የመጣ ሹም፣ ቢወፍርም ቢቀጥንም፣ የለበሰው ሱፍ ቢሆንም፣ አስቀድሞ ቃሬዛ ላይ ይተኛል። ተሸካሚዎች አንሥተውት ከሽንበቄ ዳር እስከ ክምሩ ይወስዱታል። እንግዳ የሆነ ሹም መጀመሪያ ይስቃል፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ሳቁን ትቶ የቃሬዛውን አጣና በሁለት እጁ ይይዛል። ክምሩም ልማዱም ከአንድ ታሪክ የተወለዱ ናቸው ይባላል።

እንደሚነገረው፣ ጥንት ያን አገር ያስተዳድሩ የነበሩት ቀኛዝማች ስንሻው የሚባሉ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ሽማግሌዎቹ ደጋግመው ያነሡታል፣ ክፉ ቢሆኑማ ታሪኩ አጭር በሆነ ነበር። የንዳድ በሽታ አገሩን በፈጀበት ዓመት ሚስታቸውን ቀብረው ደብሪቱ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ቀርታቸው ነበር። በዚያ ዓመት ሥር አዋቂው በአንዱ ቀበሌ፣ ወጌሻው በሌላው፣ የታወቀችው አዋላጅ እማማ ሽታዬም ከወንዝ ማዶ ሽንበቄ ስለነበሩ፣ ሰው አንዱን ሲፈልግ ሌላውን እያጣ ሲያልቅ ቀኛዝማቹ በዓይናቸው አይተዋል። ሐዘኑ ከሆዳቸው አልወጣም። ስለዚህ እነዚህን ሁሉ ባንድ ጣራ ሥር ሰብስቤ፣ ቀለብ ቆርጬ፣ ለአገሩ ሁሉ የሚበቃ አንድ ትልቅ የድውያን ቤት እሠራለሁ ብለው ተሳሉ።

ቦታውንም ራሳቸው መረጡ። ቀውላ የሚባል አፋፍ ነው፣ ከእልፍኛቸው በር ላይ ቆመው የሚያዩት፣ ነፋሱ የሚጥም፣ ከሩቅ ቢያዩት የሚያምር። ከሽንበቄ ለሚመጣ ግን መጀመሪያ ወንዙ፣ ቀጥሎ ገደሉ ነው። ዘንጋ በክረምት እንደሚሞላ ቀኛዝማቹ አያውቁም ነበር ማለት አይደለም፤ ውሃው የሚሞላው ለሁሉም ዓይን ነው። ነገር ግን ሰው የወደደውን ሐሳብ እንደ ወለደው ልጅ ነውና የሚያየው፣ ጉድለቱ አልታያቸውም።

ሳይጠይቁ አልሠሩም፤ ይህም የሚዘነጋ አይደለም። ከየቀበሌው ሽማግሌ አስጠርተው፣ ሰንጋ አሳርደው፣ ትልቁ ዋርካ ሥር አስቀመጧቸው። ሥጋው ተበልቶ፣ ጠላው ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ ነው ሐሳቡን ያወረዱት። በሰው ማዕድ ጎርሶ ማን አፉን ለተቃውሞ ይከፍታል? «እንዳሉ!» አለ አንዱ። «እግዜር ይስጥልን ጌታዬ፣ ለኛው አስበው!» አለ ሌላው። የማዶ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ።

«ቅር ያለው ካለ ይናገር» አሉ ቀኛዝማቹ።

ይህን ጊዜ ከኋላ፣ የሽንበቄ የቃሬዛ ማኅበር ዳኛ የነበረው አያ ድንበሩ ብድግ አለ። የታመመ ሰው ሲኖር ተሸካሚ የሚያሰልፍ፣ ከፊት ከፊት እየሄደ መንገድ የሚያሳይ እሱ ነበር። ጋቢውን አስተካከለ፣ ጉሮሮውንም ጠረገ። አጠገቡ የተቀመጠው ጎረቤቱ ግን የጋቢውን ጫፍ ያዘና፣ «ተው እንጂ አያ ድንበሩ፣ ከነገሩ ጦም እደሩ» ብሎ ሳብ አደረገው። አያ ድንበሩ ጥቂት ቆመና መልሶ ተቀመጠ።

ቀኛዝማቹ አይተውታል። ይህ ሰው ምን ሊል ነበር የሚል ሐሳብ ሽው ብሎባቸው ነበር ይባላል። ነገር ግን ቀኑ ደስ የሚል ነበር፣ መሠረቱን ዛሬውኑ ለመጣል ቸኩለው ነበር፤ እግሩ ደንዝዞት ይሆናል ብለው ለራሳቸው ነገሩና፣ «እንግዲያስ ተስማምተናል» ብለው ተነሡ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ የእሳቸው ግን ተለቅሞ የሚመለስ አልነበረም።

ቤቱ በበጋ ተሠርቶ አለቀ። ያማረ ቤት ነበር፤ በሩ ግን ወደ ቀኛዝማቹ እልፍኝ ዞሮ ጀርባውን ለወንዙ ሰጠ። የሽንበቄ ባልቴቶች ከማዶ ሆነው አይተው፣ «ጀርባውን የሰጠን ቤት ምን ሊያደርግልን» አሉ፤ ያሉት ግን እርስ በርሳቸው ነበር። እማማ ሽታዬ በክብር፣ በበቅሎ ተወሰዱ። ሽንበቄ ውስጥ በእጃቸው ያልተወለደ ሰው ጥቂት ነበርና፣ የሸኟቸው ሁሉ አለቀሱ። እሳቸውም ከበቅሎው ላይ ዞረው ዞረው እያዩ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ነው ክምሩ የተጀመረው። ከሽንበቄ በቃሬዛ የተነሣ ሕመምተኛ ሁሉ ወንዙ ዳር ሲደርስ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ይወርዳል፤ ተሸካሚዎቹ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፣ ገደሉን ቀና ብለው ያያሉ። አንዳንዱ ከዚያ አልፎ ይደርሳል፣ ይድናልም። አንዳንዱ ግን እዚያው ድንጋዩ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ አያ ድንበሩ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሣና ከመንገዱ ዳር ያኖራል፤ ተሸካሚዎቹም እንደዚያው። ቃሬዛውን አንሥተው ወደመጡበት ይመለሳሉ።

ቀኛዝማቹ ጠዋት ጠዋት አፋፉ ላይ ቆመው አገሩን ሲያዩ ክምሩን አዩት። በየጊዜውም ከፍ ከፍ ሲል አዩት። «ያ ምንድነው?» ብለው አሽከሮቻቸውን ጠየቁ። አሽከሮቹ ያውቁ ነበር፤ ግን ማን ይንገራቸው? «ማሳ እያጸዱ ይሆናል ጌታዬ» አሏቸው። ቀኛዝማቹም ጎበዝ ገበሬዎች ናቸው ብለው ደስ አላቸው።

ደብሪቱ ያገባችው እዚያው ሽንበቄ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ግንቦት ላይ አባቷን ልትጠይቅ መጣች። ቀኛዝማቹ እጇን ይዘው ቤቱን አሳዩዋት፣ መደቡን፣ መድኃኒት የሚቀመጥበትን፣ እማማ ሽታዬ የሚያርፉበትን ክፍል።

«ክረምቱ ሳይገባ መጥተሽ እዚህ ትወልጃለሽ» አሏት።

«ሽንበቄ ውስጥ እንደኔው ወራቸው የገባ ሴቶች አሉ አባዬ። እነሱን ትቼ ብመጣ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«ቤቱ የተሠራው ለሁሉም ነው። ሁሉም ይምጣ!»

ደብሪቱ ወደ ወንዙ እያየች፣ «አባዬ፣ ከዚህ ሆነው ያን ክምር አያዩትም?» አለቻቸው።

«አያለሁ እንጂ። ማሳ እያጸዱ ነው አሉኝ።»

ልትናገር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የአባቷ ፊት ግን እናቷ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ በርቶ አይታው አታውቅም፤ ሳሳችና የመጣውን ቃል ዋጠችው። ጉንጫቸውን ስማ ወደ ማዶ ተሻገረች። ቀኛዝማቹ ከሚመጣው በዓል በኋላ ሰው ልኬ አስመጣታለሁ ሲሉ፣ የዚያ ዓመት ዝናብ ቀድሞ ገባ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሌሊቱን ደጋው ላይ ሲወርድ ያደረው ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ከማዶ፣ ከወንዙ ጩኸት ርቆ ካለ ጉብታ ላይ፣ ጥሪ ተሰማ። «እማማ ሽታዬ! ኧረ እማማ ሽታዬን! ደብሪቱን ምጥ ጸናባት!» ቀኛዝማቹ ጥሪውን የሰሙት ነጠላቸውን ሳያጣፉ ነበር። እማማ ሽታዬን በበቅሎ አስቀምጠው፣ ራሳቸው ልጓሙን እየሳቡ በገደሉ ወረዱ።

ሲደርሱ ዘንጋ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ውሃው ቀይ ነው፤ ግንድ ይዞ፣ ጥጃ ይዞ ይወርዳል። በማዶ በኩል ቃሬዛው ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አርፏል። ባሏ ራስጌዋ ተንበርክኳል፤ አያ ድንበሩና ተሸካሚዎቹ ዙሪያውን ቆመዋል። መካከላቸው ያለው ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ነው፤ ግን ከውሃው ጩኸት የተነሣ ድምፅ እንኳ አይሻገረውም። እማማ ሽታዬ «አዙሯት! በጎኗ አዙሯት!» እያሉ ጮሁ፤ ወንዙ ቃላቸውን ይዞት ሄደ። በእጃቸው ቢያሳዩ ማዶ ያሉት ሴቶች ግራ ገባቸው። ባልቴቷ ጫማቸውን አውልቀው ውሃው ውስጥ ገቡ፤ አሽከሮቹ ወገባቸውን ይዘው መለሷቸው።

ቀኛዝማቹ ዋናተኛ አዘዙ። ዋናተኛው ወገቡን በጠፍር ታስሮ ገባ፤ ውሃው አንከባሎት በስንት መከራ ጎትተው አወጡት። «ሌላ ይግባ!» ብለው ጮሁ። ማንም ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ ቀኛዝማቹ ራሳቸው ሊገቡ ሲሉ አሽከሮቻቸው እግራቸው ላይ ተጠመጠሙ። በዚያ አገር ትእዛዛቸው ያልተሻገረው ያን ቀን ብቻ ነበር ይላሉ።

ቀኑ እየገፋ ሄደ። ደብሪቱ አንድ ጊዜ እጇን ከቃሬዛው ላይ ከፍ ስታደርግ አዩ። ወደ እሳቸው ይሁን ወደ ባሏ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጥቂት ቆይቶ ሴቶቹ ጸጉራቸውን ሲፈቱ፣ ባሏ ግንባሩን ድንጋዩ ላይ ሲጥል አዩ። ከነልጇ ሄደች።

ቀኛዝማቹ አልጮኹም። ዓይናቸውን ከማዶው ሳይነቅሉ ቆመው ሳለ፣ አያ ድንበሩ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ሲያነሣና ክምሩ ላይ ሲያኖር አዩት። ከእሱ ቀጥሎ አንደኛው ተሸካሚ፣ ከዚያም ሌላው። ክምሩ ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባቸው። እነዚያን ወራት ሁሉ ጠዋት ጠዋት ሲያዩት የነበረው የሰው ሞት ነበር።

ውሃው ሲጎድል ተሻገሩ። ከልጃቸው መቃብር ተነሥተው በቀጥታ አያ ድንበሩ ደጃፍ ሄዱ። ሽማግሌው እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት።

«ያን ዕለት፣ ዋርካው ሥር፣ ተነሥተህ ነበር» አሉት። «ምን ልትል ነበር?»

«በክረምት ዘንጋ አያሻግረንም፣ ሽታዬን ተዉልን ልል ነበር ጌታዬ።»

«ታዲያ ለምን ተቀመጥክ?»

አያ ድንበሩ አለቀሰ። «ፈራሁ፣ አፈርኩም። ለዚህ ኃጢአቴ እግዜር ይጠይቀኛል። ግን ጌታዬ... አይተውኝ የለም እንዴ? እርስዎስ ለምን አልጠየቁኝም?»

ቀኛዝማቹ የልጃቸው ደም ገና ያልታጠበለትን ቃሬዛ አስመጡና ተኙበት። «እንደ በሽተኛ ተሸከሙኝ፤ በሽተኛ የሚሄድበትን ሁሉ ውሰዱኝ» አሉ። ተሸካሚዎቹ በየቀበሌው ይዘዋቸው ዞሩ፤ በደረሱበትም ሁሉ ቀኛዝማቹ ሳይነሡ፣ ሰማይ ሰማይ እያዩ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ ነበር፦ «ተነሥቶ የተቀመጠ ማነው?» መጀመሪያ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ቀኛዝማቹም ተኝተው ጠበቁ። ፀሐይም ሆነ ካፊያ ሲወርድባቸው ጠበቁ። በመጨረሻ አንዱ ከኋላ፣ «እኔ ነኝ» ይላል፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ አፍ የሌላት የምትመስል ሴት እንኳ ሳይቀር የዋጡትን ቃል አወጡ።

እማማ ሽታዬ ወደ ሽንበቄ፣ ሥር አዋቂውና ወጌሻውም ወደየቀበሌያቸው ተመለሱ። የቀውላው ቤት ጣራው ረገፈ፣ ዛሬ ክብ ግድግዳው ብቻ ቀርቷል። ቀኛዝማቹ እስኪሞቱ ድረስ አፋፉ ላይ ወጥተው አገሩን አላዩም ይባላል። አንዳንዶች ደግሞ ቃሬዛው ራሱ ያውቃል ይላሉ፤ ሕዝቡን ሳይጠይቅ ጠየቅሁ የሚል ሰው ሲተኛበት ይከብዳል፣ አራት ጎልማሳም አያነሣውም። ይህን ያየ ሰው አላገኘሁም፤ ያላመነም ሰው ግን አላገኘሁም።

ያ ቃሬዛ ጠፍሩ እየተቀየረ፣ አጣናው እየታደሰ እስከ ዛሬ በሽንበቄ የማኅበሩ ቤት ተሰቅሎ አለ። ሹም ሲመጣ ይወርዳል። ተሸካሚዎቹ እስከ ክምሩ ወስደው፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ያሳርፉትና ፈንጠር ብለው ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አያስታውሰውም፤ የቀኛዝማቹን ጥያቄ ራሱ መጠየቅ አለበት። ከጠየቀ፣ መልስ እስኪመጣ ተኝቶ ይጠብቃል፣ ዘንጋ ከበታቹ ሲጮህ እየሰማ። ሳይጠይቅ ሱሪውን አራግፎ የተነሣ እንደሆነም አይቆጡትም፣ አይመልሱትም፤ እንዲያውም «እግዜር ይስጥልን» ብለው በአክብሮት ይሸኙታል። መኪናው አቧራውን አንሥቶ ከዓይን ሲሰወር፣ የማኅበሩ ዳኛ ጎንበስ ይልና አንድ ድንጋይ አንሥቶ ከወዲሁ ክምሩ ላይ ያኖራል።