ሰማያዊው ቀለምና መርማሪው

አንድ ሰው ነበረ፤ እንጀራው ቀለም ሲነጣ ቁጭ ብሎ መመልከት ነበር።

ልጄ፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ይህን ስማኝና መልሱን ከመጨረሻው ታገኘዋለህ።

ሰውየው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ቀለም መርማሪ ነበር። ፋብሪካው አዲስ ቀለም ባስመጣ ቁጥር፣ ሳሙና ሲነካው ቶሎ ይለቃል ወይስ ይከርማል የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የተበጠበጠለትን ቀለም ከሳሙና ውኃ ጋር ይቀላቅልና ጣት በምታህል የመስታወት ብልቃጥ ይሞላዋል። ብልቃጧን መሣሪያው ውስጥ ያቆማታል። ከወዲህ አምፖል አለ፣ ከወዲያ ደግሞ ያለፈውን ብርሃን የሚለካ ጠቋሚ። ቀለሙ ድፍን ሳለ ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል፤ እየነጣ ሲሄድ ብርሃኑ እያለፈ ይመጣል። ምን ያህል ብርሃን እንደተዋጠ በየአሥር ደቂቃው የሚጽፍ ሰው፣ ሳሙናው ቀለሙን በምን ፍጥነት እንደሚበላው ያውቃል። በዓይን ከመገመት እጅግ ይሻላል፤ ዘዴውን እኔም አልነቅፈውም።

ቀለሙን መዝና በውኃ በጥብጣ የምትሰጠው እትዬ ዘነቡ የምትባል ሴት ነበረች። ከዚያ ሚዛን ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ዕቃዋን በበረኪና ታጥብና ሦስት ጊዜ ታለቀልቃለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ጮክ ብላ ትቆጥራለች። የሚስቁባት ነበሩ፣ እሷ ግን ከቁም ነገር አትቆጥራቸውም።

አንድ ጊዜ ለተማሪዎች ደንብ ልብስ የታሰበ ሰማያዊ ቀለም መጣ። ሰውየው እንደ ልማዱ በየአሥር ደቂቃው የአምፖሉን መከለያ ከፈተ፣ አነበበ፣ መልሶ ዘጋ። ቀለሙ ከጠበቀው ትንሽ ፈጠን ብሎ ነጣ። ጥርጣሬ ገባው። በማግስቱ በየደቂቃው አነበበ፤ ይባስ ብሎ ፈጠነ። በሦስተኛው ቀን መከለያውን ጭራሽ ክፍት ትቶ፣ ዓይኑን ከጠቋሚው ሳይነቅል ተቀመጠ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቀለሙ ውኃ መሰለ።

መርማሪ ነኝ የሚል ሰው አንድ አመል አለው፤ ከሚጠረጥራቸው መካከል ራሱን አይቆጥርም። ይህም ሰው ሳሙናውን ጠረጠረ፣ የቧንቧውን ውኃ ጠረጠረ፣ በመጨረሻ ዘነቡን ጠረጠረ። «ዕቃውን በደንብ አታለቀልቅም፤ ቀለሙን የሚያነጣው ሳይታጠብ የቀረው በረኪና ነው» አለ በልቡ። ይህን ካለ በኋላ ቀለል አለው። በደል የሚጭንበት ሰው ያገኘ ሁሉ ቀለል ይለዋል።

የክፍሉ ሠራተኞች ስምንት ነበሩ። ስምንቱም ባሉበት ጠራት።

«እትዬ ዘነቡ፣ ዕቃ ማጠብ ከደከመሽ ለምን አትናገሪም?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ቀለምሽ በየቀኑ እየባሰበት ነው። በረኪና ይዞ ይመጣል።»

«ሦስቱንም ቀን የቀዳሁልህ ከአንድ ጠርሙስ ነው» አለች። «ጠርሙሱ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ። በረኪና ቢኖርበት እሱም በነጣ ነበር። ናና በዓይንህ እየው።»

ቁም ሳጥኑ ከቆመበት አሥር እርምጃ ቢርቅ ነው። አልሄደም። የሄደው ወደ ሥራ አስኪያጁ ነው። በሳምንቱ ዘነቡን ከሚዛኑ አንስተው ወደ ብጣሽ ጨርቅ መልቀሚያው አወረዷት። ያን ጊዜ ስምንቱ ሠራተኞች «ስትቆጥር የነበረው ለማስመሰል ኖሯል» ተባባሉ። አየህ፣ የሴትየዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ወረቀት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ራሱ ይመዝን፣ ራሱ ያጥብ ጀመር። አምስት ጊዜ አለቀለቀ። ቀለሙ እንደ ድሮው በፍጥነት ነጣ። አዲስ ዕቃ፣ በረኪና የሚባል ነገር ነክቶት የማያውቅ፣ ከመጋዘን አስወጣ። አሁንም ነጣ። ዘነቡ ንጹሕ መሆኗን የዚያን ቀን ዐወቀ። ዐውቆም ዝም አለ። «ምክንያቱን እስካገኝ ነው» እያለ ራሱን ያባብል ነበር እንጂ፣ እውነቱ ሌላ ነው፤ አፍሮ ነው። በግቢው ውስጥ እሷን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ።

አንድ ጠዋት ሁለት ብልቃጥ ከአንድ ብጥብጥ ሞላ። አንዷን መሣሪያው ውስጥ አቁሞ አምፖሉን ከፈተ። ሁለተኛዋን ሊያስከትል ሲያዘጋጅ፣ የሥራ ባልደረባው እናት ዐረፉ ተባለና ቀብር ተጠራ። ብልቃጧን መሳቢያ ውስጥ ከቷት፣ አምፖሉን ሳያጠፋ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። መሣሪያው ውስጥ ያለችው ነጥታ ጠበቀችው። መሳቢያውን ሳበ፤ የዚያችኛዋ ቀለም ፈዘዝ ከማለቱ በስተቀር እንዳለ ነው።

ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ሳሙናው አንድ፣ ውኃው አንድ፣ ሰዓቱም አንድ ነው። የሚለየው አምፖሉ ብቻ ነው። ለካስ ሰማያዊው ቀለም ብርሃን አይችልም ኖሯል። ሰውየው መንጣቱን ሊያይ ብርሃን ባበራበት ቁጥር የሚያነጣው ራሱ ብርሃኑ ነበር፤ አብዝቶ ባየ መጠን አብዝቶ አጠፋው። ፀሐይ ልብስ እንደምታነጣ የማያውቅ የለም። ይህ ሰው ራሱ ሸሚዙን ገልብጦ ነው የሚያሰጣው።

ፊቱ ጋለ። ሰው እንዳላየው ዘወር ዘወር ብሎ አረጋገጠ፤ ማንም አልነበረም። የመሳቢያዋን ብልቃጥ ቢደፋት ነገሩ እዚያው እንደሚቀር ዐሰበ። እጁ እስከ ማጠቢያው ገንዳ ደርሶ ነበር። ይህን ማድረጉን ከሁሉ አብልጦ አፈረበት፤ እጁን መለሰና ወደ ብጣሽ መልቀሚያው ሄደ።

ዘነቡ ሻሿ ላይ የጥጥ ብናኝ ሰፍሮባት ከሴቶቹ ጋር ትለቅማለች። ወደ ጥጥ ክምሩ ጀርባ፣ ሰው ወደማይሰማበት ጠራት። በለሆሳስ ሁሉንም ነገራት። እስኪጨርስ ሰማችው።

«ያን ቀን ስትናገረኝ ስንት ሰው ነበረ?» አለችው።

«ስምንት።»

«እዚህ ስንት ሰው አለ?»

እሱ ዞሮ የጥጥ ክምሩን አየ። እሷም ወደ ብጣሿ ተመለሰች።

በማግስቱ ስምንቱን ሰበሰበ፤ ሥራ አስኪያጁንም እሷንም ጠራ። ሁለቱን ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ አቆመና «ያነጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «ጥፋቴን ያላከክሁት በእሷ ነው። ንጹሕ መሆኗን ካወቅሁ በኋላም ሁለት ሳምንት ዝም ብያለሁ።» ዘነቡ ወደ ሚዛኗ ተመለሰች። ይቅርታም አደረገችለት፤ ቂመኛ ሴት አልነበረችም።

ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሰው አጠገቧ ካልቆመ ዕቃ አታጥብም። «ና እይልኝ» ትላለች በር ላይ ያገኘችውን ሁሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ «አይተሃል አይደል?» ማንም አላዘዛትም። ሰውየው ይህችን ቃል በሰማ ቁጥር አንገቱን ይደፋል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሰማት።

እንግዲህ ልጄ፣ «ሚስቴ ልቧ ከእኔ እየራቀ መሆኑን በምን ላረጋግጥ?» ብለህ ነው የጠየቅኸኝ። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ስልኳን አየህ፤ ቅር አላት። ከዚያ በየማታው አየህ። አሁን ስትወጣ ትደውላለህ፣ ስትደርስ ትደውላለህ፣ ከማን ጋር ነሽ ትላለህ። «በጠየቅኋት ቁጥር ዝምታዋ ይብሳል» አልኸኝ። ልክ ነህ፣ ብሷል። የሰውየውም ቁጥር አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ኑሮ ፍቅርን ትንሽ ትንሽ መብላቱ አይቀርም፣ ያ የሳሙናው ድርሻ ነው። የቀረውን ያነጣኸው አንተ ነህ፣ በማየት ብዛት።

አንገትህን ደፋህ። ማፈርህ ደግ ነው፤ ግን እኔ ዘንድ አፍረህ ብትሄድ ከጥጥ ክምር ጀርባ እንደማፈር ነው። ለወንድሟ «እህትህን አላምናትም» ብለኸዋል። እሑድ እናንተ ቤት ምሳ ይበላል ብለኸኛል። እዚያው ማዕድ ላይ፣ እሷ እየሰማች፣ ያን ቃል በራስህ አፍ መልሰው። ስልኳንም ከዛሬ ጀምሮ አትንካ።

ይቅር ትልህ ይሆናል። ይቅር ካለችህም በኋላ አንድ ቀን፣ አንተ ሳትጠይቃት፣ ስልኳን ከፍታ ፊትህ ታስቀምጠውና «እየው» ትልሃለች። የበደልካት ምን ያህል እንደሆነ ያን ቀን ይገባሃል።