የሾላ ማዶ ሞተር ቁልፍ

በአንድ ወቅት ሾላ ማዶ በምትባል መንደር ሦስት ወንድማማቾችና አንዲት እህታቸው ይኖሩ ነበር። ወቅቱ ሩቅ አይደለም። ነገሩ ሲሆን እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ስለዚህ ስፈርድ ብትሰሙኝ አትመኑኝ።

በሾላ ማዶና በአስፋልቱ መካከል ጥቁር አፈር የለበሰ ሜዳና አንድ ወንዝ አለ። ክረምት ሲገባ አፈሩ ሰውን እስከ ጉልበቱ ይውጣል። አምቡላንስ ቢጠራ እንኳ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ከመጠበቅ በቀር ምንም አይችልም። ድሮ ምጥ የያዛትንም የታመመውንም የምናሻግረው በእድራችን ቃሬዛ ነበር። ከወፍራም የብረት ቧንቧ የተሠራ፣ ስምንት ሰው በተራ የሚሸከመው ቃሬዛ። ትከሻችን ይላጥ ነበር እንጂ መንገድ ላይ የቀረብን ሰው አልነበረም።

ኋላ እድራችን ባለ አራት ጎማ ሞተር ገዛ፤ ከኋላውም በሽተኛ የሚተኛበት ተጎታች ተቀጠለለት። ኩራታችን ልክ አልነበረውም። በመጀመሪያው ሐምሌ ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሁለት ቀን እዚያው ቀረ፤ ያወጣነው በበሬ ጎትተን ነው። የጎረቤት መንደር ሰው እስኪበቃው ሳቀብን። ያን ጊዜ ነው ዊንች ይግባለት የተባለው። ዊንች ከሞተሩ ፊት ይታሰራል፤ የብረት ካቦውን ዛፍ ላይ ካሰሩለት በባትሪ እየጠቀለለ ሞተሩን ከጭቃ ያወጣል። ሥራው ለሦስቱ ወንድማማቾች ተሰጠ።

ታላቅየው ሽመክት ነጋዴ ነውና መርጦ እንዲገዛ ተላከ። ከተማ ያለ መለዋወጫ ሻጭ ሁለት ዊንች አወጣለት። አንዱ ለእንዲህ ያለ ሞተር የተሠራ ትንሽ ነው፤ ሌላው ከመኪና የተፈታ ትልቅ።

«ትንሹን ውሰድ፤ ትልቁ ባትሪህን ይመጥጠዋል» አለው ሻጩ።

«የእኛን ጭቃ ስለማታውቀው ነው» አለ ሽመክት፤ ትልቁን አሸክሞ መጣ።

መካከለኛው ውብሸት በያጅ ነው። ትልቁ ዊንች በሞተሩ ቀዳዳዎች ላይ በቡሎን አልገጥም አለው። በቀጭን ላሜራ ቢበይደው በመጀመሪያው ጉተታ ተገንጥሎ ይሄዳል። ይህን የሚችል ወፍራም ብረት በመንደራችን አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ቃሬዛው። ውብሸት ሰው አይደብቅም፤ እድሩን ሰብስቦ ጠየቀ። «ሞተር እያለ ቃሬዛ ምን ይሠራልናል?» ያለው ማን እንደሆነ አልናገርም። እጃችሁን አውጡ ስንባል ግን ያላወጣ የለም። እኔም አውጥቻለሁ። ውብሸት ቃሬዛውን ቆርጦ የዊንቹን መቀመጫ ሠራው፤ አራት ጎረምሳ ተረባርቦ ቢነቀንቀው ንቅንቅ አላለም። ለታናሹም «በሳብክ ቁጥር ሞተሩን ሳታጠፋ አቆየው፤ ባትሪው ይሙላ» ብሎ አስጠነቀቀው።

የሚነዳው ታናሹ ዘውገ ነው። በዚያ ክረምትና በተከታዩ አሥራ አንድ ሰው አሻገረ። ወንዙ ማዶ ያለችውን ሾላ በካቦ እየያዘ ስንት ጊዜ ከጭቃ እንደወጣ እኔ አልቆጠርኩም። አሥራ አንዱም ዛሬ በሕይወት አሉ፤ አንዷ የራሴ ልጅ ናት።

በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ፣ አንድ ጠዋት፣ የየሻረግ በሬ ረግረግ ገባ። የሻረግ ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጆች ያሏት ሴት ናት። ከሌላ ሰው በሬ ጋር አቀናጅታ የምታሳርሰው ያን አንድ በሬ ብቻ ነው።

«ወንድምዬ፣ ያለኝ እሱ ነው» አለችው ዘውገን።

ዘውገ ሳበላት። ዊንቹ እያቃሰተ ብዙ ቆየ፤ በሬው ግን ወጣ። ዘውገ ሞተሩን ወደ ቤት ነዳውና አጠፋው። ቤንዚኑ ትንሽ ስለነበር ለበሽተኛ ይቆይ ብሎ ነው።

ቀትር ላይ እህታቸውን ብርቄን ምጥ ያዛት፤ ደሟም ይፈስ ጀመር። ተጎታቹ ላይ አስተኛናት። ሦስቱም ወንድሞቿ አብረዋት ነበሩ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ሞተሩ ሰመጠ። ዘውገ ካቦውን ሾላዋ ላይ አስሮ ማብሪያውን ተጫነ። ዊንቹ አንድ ክንድ ያህል ሳበና ቅጭ፣ ቅጭ ብሎ ቆመ። ባትሪው አልቋል፤ ሞተሩም አብሮት ጠፋ።

«ቃሬዛ አምጡ» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

 ቃሬዛው እዚያው ፊታችን ነበር፤ ዊንቹን ተሸክሞ።

በጋቢ ያዝናት። ጋቢ ደግሞ እንደ ቃሬዛ አይሆንም፤ አንዱ ሲሰምጥ ሁሉም ይወድቃል። የጠራነው አምቡላንስ መብራት አስፋልቱ ላይ ከሩቅ ይታየን ነበር። ብርቄ ሁለት ጊዜ «ደረስን ወይ?» ብላ ጠየቀችን፤ ሁለቴም «ደርሰናል» አልናት። ሦስተኛ አልጠየቀችም። ልጁም በሆዷ እንዳለ ቀረ።

ከሠልስቷ ማግስት እድሩ ተሰበሰበ። የሻረግ በሬዋን እየጎተተች መጥታ «ለተዝካሯ እረዱልኝ» አለች፤ የሚቀበላት ጠፋ። ወንድማማቾቹ ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ አንዱ በሌላው ሥር አልሠራም ብለዋል። የሞተሩ ቁልፍ ከሦስቱ ላንዱ ይሰጣል፤ እሱ እንዳሻው ዊንቹን ይለውጥ፣ እንዳሻው መቀመጫውን ቆርጦ ቃሬዛ ያድርገው፣ እሱ ያሻግር። ቁልፉን የያዘ ግን ከእህቱ ደም ነጻ ወጣ ማለት ነው። የቀሩት ሁለቱ ገዳይ ተብለው መኖራቸው ነው፤ መንደራችንን አውቀዋለሁ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ጫንያለው አንድ በአንድ አስነሧቸው።

«ትንሹን ገዝቼ ቢሆን አሥራ አንዱ ሰዎች ዛሬ የሉም» አለ ሽመክት። «ለሰው የገዛሁትን ለበሬ ያዋልኩት እኔ አይደለሁም።»

«ብየዳዬ እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም» አለ ውብሸት። «አስጠንቅቄ ነበር፤ አልሰማኝም። ቃሬዛውን ቁረጥ ያላችሁኝ ደግሞ እናንተ ናችሁ።»



«በሬውን ስስብ ብርቄ አጠገቤ ቆማ ነበር» አለ ዘውገ። «ልተወው ስል፣ ‹ያለ በሬ እንዴት ልጆቿን ታሳድጋለች፣ ሳበው› ያለችኝ እሷ ናት።»

አቶ ጫንያለው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጭቃው እስኪደርቅ ገና ሁለት ወር ይቀራል። በመንደሩ ቀናቸውን የሚጠብቁ ሦስት ነፍሰ ጡሮች አሉ፤ አንዷ የልጄ ሚስት ናት። እጃችሁን አውጡ ተባልን። ቃሬዛው ይቆረጥ ሲባል እንደዚያ የተሽቀዳደምነው ሰዎች፣ ያን ቀን አንዳችንም እጃችንን ከጋቢያችን አላወጣንም።

እናንተ ግን በጭቃው ውስጥ አልነበራችሁም፤ እጃችሁ ንጹሕ ነው። ለየትኛው ታወጣላችሁ? ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?