ካሜራ ካልዋጥኩ ያለው ጿሚ

አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ከቅዳሴ በኋላ ሄዳችሁ ታዩታላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

ልብስ ሰፊ ነው። በሰፈሩ በጾም የታወቀ ነው። በዓቢይ ጾም ጀምበር ሳትጠልቅ እህል ውሃ አይቀምስም። በጽዋ ማኅበር ስሙ ሲነሣ ሌላው አንገቱን ይደፋል።

ይህን ሰው ደረቱን ያቃጥለው ጀመር። ጎምዛዛ ውሃ እስከ ጉሮሮው ይወጣበታል። ድምፁም ሻከረ። ታላቅ ወንድሙ እህል አልወርድ ብሎት በካንሰር ነው የሞተው፤ ስለዚህ "የወንድሜ በሽታ መጣብኝ" ብሎ ፈራ። ወንድሙን የቀበረ ሰው አትፍራ ቢሉት ይሰማል? አይሰማም።

አንድ ቀን ጠዋት ሚስቱን አስከትሎ ጤና ጣቢያ ሄደ። የተቀበለችው ወጣት ሐኪም ናት። ገና ሳይቀመጥ፣ "ዶክተር፣ ኢንዶስኮፒ የሚሉትን፣ በአፍ የሚገባውን ካሜራ ጻፊልኝ። ሆዴ ይታይና ቁርጡን ልወቀው" አላት።

"ይደርሳል አባቴ፤ መጀመሪያ ልጠይቅዎት" አለችው። "እህል አልወርድ ይልዎታል?"

"የለም።"

"ከስተዋል? ደም አስታውኮዎታል? ሰገራዎ ጠቁሯል?"

"ኧረ የለም።"

"መቼ ነው የሚብስብዎት?"

"ጋደም ስል።"

"ከመተኛትዎ በፊት ምን ይበላሉ? ምን ያህል?"

እዚህ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጾም ላይ ነኝ። ትንሽ ቀመስ ነው የማደርገው" አለ።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ ጠበቀች። ይኼኔ ሚስቱ፣ ሠላሳ ዓመት ራቱን ስታቀርብ የኖረች ሴት፣ በደከመ ድምፅ፣ "ኧረ አንተ ሰው፣ ተናገር እንጂ!" አለችው። "ሦስት እንጀራ ነው ዶክተር፣ በስልጆና በሚጥሚጣ። እጁን ታጥቦ ወዲያው ይጋደማል። ውሃ ይዤ ስመለስ ተኝቷል።"

ሰውዬው አፈረ። መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ሐኪሟ አልሳቀችም። "አባቴ፣ ይሄ ቃር ነው የሚመስለኝ" አለችው። "ለጊዜው ካሜራ አያስፈልገኝም፤ የሰማሁት ይበቃኛል። ማታ ቀለል ያለ ይብሉ፤ ከበሉ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይተኙ ይቆዩ፤ ራስጌዎን ከፍ ያድርጉ፤ ይህን ክኒን ከምግብ በፊት ይዋጡ። በወሩ ይምጡ። ካልተሻለዎት፣ ወይ መዋጥ ካስቸገርዎት፣ ያኔ ለካሜራው እጽፍልዎታለሁ።"

በወሩ ተመለሰ። ቃጠሎው ለቆታል። ነገሩ ይኸው ነው።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው የካሜራ ቱቦ ለመዋጥ ቆርጦ ነበር። አንዲት እውነት መናገር ግን አቃተው። ለምን? ቱቦው ቢገባ ስሙን አይነካበትም፤ መልሱ ግን ጿሚነቱን ይነካበታል! ሞትን ፈርቶ ሄዶ፣ እዚያ ሲደርስ ከሞት ይልቅ ሐሜትን ፈራ።

ትስቃላችሁ? አትሳቁ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የንስሐ አባት ሆኜ ተቀምጫለሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደክሞኛል። ስትመጡ "አባ፣ ሰው ሆኜ ያልሠራሁት የለም፣ ይፍቱኝ" ትላላችሁ። ምን ሠራህ? "በማሰብ፣ በመናገር፣ በመሥራት።" ማንን በደልሽ? "ኧረ ስንቱን አባ!" መስቀል ተሳልማችሁ ትሄዳላችሁ። በሳምንቱ ያንኑ ቁስል ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ያው ጎረቤት አኩርፏችሁ፣ ያው ልጅ ቤት ጥሎ ሄዶ።

ከዚያ ደግሞ ምን ትላላችሁ? "ሩቅ ገዳም ልሂድ። የሰው ልብ የሚያይ ባሕታዊ አለ አሉ።" ውስጣችሁን የሚያይላችሁ ትፈልጋላችሁ። እግዚአብሔር እኮ አይቶታል! የጎደለው ማየት አይደለም፤ የናንተ መናገር ነው። ቤታችሁ ውስጥም የሚያውቅ አለ፤ ችሎ ዝም ብሏችሁ ነው እንጂ።

ዛሬ ጸሎቱ ሲያልቅ ደጀ ሰላሙ አጠገብ እቀመጣለሁ። እግሬን ያመኛል፤ ረጅም ነገር አልችልም። "ብዙ ነው" አትበሉኝ። አንዱን ንገሩኝ። አሁን ስናገር ወደ ልባችሁ የመጣውን፣ ያንን።