የፊታውራሪ መኪናና የእንድሪስ በሬ

ጓንጉል ከደሴ ወጣ ብሎ በሚገኝ አገር የፊታውራሪ ላቀው በቅሎ ጎታች ነበር ይባላል፤ ምላሱ ግን ከበቅሎዋ ትፈጥን ነበር። ወጎቹን ሁሉ አሳምራ የምታወራው የፊታውራሪ ልጅ ብርነሽ ናት። አስተማሪ ሆና ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ስታወራቸው ኖረች። አንዷን ብቻ ሁልጊዜ ትዘላት ነበር፤ በዚያች ወግ አንድ ገበሬ በሬውን ሊያጣ ነው፣ ጥፋቱ ደግሞ የብርነሽ ነው። ዘንድሮ ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ የነጠላዋን ጫፍ እየጠመዘዘች፣ ሁሉንም አወራች።

ፊታውራሪ ከአዲስ አበባ መኪና ገዝተው መጡ። ጥቁር፣ ረጅም፣ አፍንጫው የብር ፍርግርግ፣ ጎማው ዙሪያውን ነጭ። አገሩ ጉድ አለ። ችግር የሆነው አጀቡ ነው። ትልቅ ሰው ያለ አጀብ አይወጣም፤ አርባ እግረኛ ደግሞ መኪና ላይ አይደርስም። ስለዚህ ሾፌሩ በእግረኛ ልክ እንዲነዳ ታዘዘ። ለማርያም ንግሥ ሲሄዱ አንድ ባላባት በበቅሎ ከኋላ ደርሶ አለፋቸውና፣ “ምነው ጓንጉል! ይህ ሁሉ ብረት በቅሎዬን መቅደም አቃተው?” አለ።

ጓንጉል የመኪናውን እጀታ ይዞ እየተራመደ፣ «ጌታዬ፣ የሚቸኩለው ደጅ ጠኚ ነው፤ ደጅ የሚያስጠናውን ምን ያስቸኩለዋል?» አለው።

የመኪናው ሆድ ደግሞ ሌላ ዓለም ነበር። መቀመጫው ለስላሳ ቆዳ፣ ወለሉ ምንጣፍ፣ ከፊት ወንበር ጀርባ ተስቦ የሚዘረጋ ትንሽ የእንጨት ገበታ። በጌታውና በሾፌሩ መካከል መስተዋት ይወጣል፣ ይወርዳል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ፊታውራሪ ገበታውን ዘርግተው ጥብሳቸውን ሲበሉ፣ ጓንጉል ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ አንገቱን ጠምዝዞ ያያቸዋል። ጌታ ሲበላ በሸማ ይከለላል እንጂ እንዲህ አይታይም።

“አንተ! ምን ታፈጣለህ? ዓይንህ ይበላኛል!” ብለው መስተዋቱን አንኳኩ።

«አይስጉ ጌታዬ፤ ጉርሻ ያላሳለፈ መስተዋት ዓይንም አያሳልፍም።»

ፊታውራሪ ሳቃቸው አመለጣቸው። መስተዋቱን ዝቅ አድርገው አጎረሱት፤ ሁለተኛም ደገሙት።

ሌላ ጊዜ እንግዶች ሰብስበው መኪናቸውን ሲያስጎበኙ፣ “በሩ ከተዘጋ የውጭ ድምፅ የሚባል ነገር አይገባም። ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ቢጮህ የምሰማው የመኪናውን ሰዓት ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው” አሉ። እንግዳው ሁሉ “አቤት! አቤት!” አለ። ጓንጉል ብቻ ራሱን ነቀነቀ።

“አንተስ አልገረመህም?” አሉት።

«ምን ይገርመኛል ጌታዬ፤ የድሃ ጩኸት እንደሆነ ሳሎንዎ ተቀምጠውም አይሰሙት።»

ብርነሽ ይህን ስታወራ ሰው ሲስቅ እሷም ትስቅና “በቃ፣ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው” ትል ነበር። አያልቅም።

ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ለእረፍት መጥታለች። ሰው ፊት መስተዋት ማየት ታፍራለች። አንድ ጠዋት አዲስ ሹሩባ ተሠርታ፣ ግቢው ጭር ሲል፣ ጥቁሩ የመኪና በር ላይ መልኳን ልታይ ጎንበስ አለች። ስትደገፍ የብር አምባሯ ቀለሙን ስንዝር ያህል ጫረው። ቀና ብትል ጓንጉል በቅሎዋን ይዞ ቆሟል። አጎንብሶ እጅ ነሣና አለፈ።

ረፋዱ ላይ ሾፌሩ መኪናውን ሊያጥብ እንድሪስ የሚባል ገበሬ መስክ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር አቆመው። ጭረቱን ሲያይ የእንድሪስ በሬ አጠገቡ ቆሟል። ደነገጠና፣ “በሬው ወጋው!” ብሎ ጮኸ። ፊታውራሪም በሬውን አስያዙት። ጊዜው የእርሻ ነው፤ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። እንድሪስ ጓንጉልን ጠበቃ አድርጎ ችሎት ቆመ። ብርነሽ ከእናቷ ኋላ ተቀምጣ በልቧ ‘ልናገር’ ትልና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች።

ዳኛው ቀኛዝማች ደምስ፣ “በሬው አልወጋም ነው የምትለው?” አሉ።

ጓንጉል፣ “ወጋ እንበልና፣ እባክዎ በሩ ላይ ምን ይታያል?” አለ።

ቀኛዝማች ደጅ እስከቆመው መኪና ድረስ ሄደው ጺማቸውን አዩ። “የኔው መልክ።”

“በሬ ሲቆምበትስ?”

“በሬ ይታያላ!”

“ሁለት በሬዎች ቢዋጉ በአገራችን ወግ ካሣው የማን ነው?”

“በሬውን ወደ ሰው መስክ የነዳው ይክሳል።”

«እንግዲያው ፊታውራሪ ለእንድሪስ ይካሱ፤ መስኩ ድረስ ጥቁር በሬ አምጥተው የሰው በሬ ያስደነበሩት እሳቸው ናቸው።»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ፊታውራሪም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁና፣ “ልቀቁለት!” አሉ። እንድሪስ በሬውን እየነዳ ወጣ።

ብርነሽ ግን አላስቻላትም። በረቱ ኋላ ጓንጉልን አገኘችውና እያለቀሰች፣ “አያ ጓንጉል፣ ጭረቱ የኔ መሆኑን ለአባባ ልነግረው ነው” አለችው።

«ተዪ እሜቴ፤ ስንት ደክሜ በሬ ያደረግሁትን መኪና አንቺ በአንድ ቃል ኮረዳ ልታደርጊብኝ ነው?»