አንድ ድንጋይ፣ ሦስት መምህራን

በአንድ ወቅት፣ ወቅቱም ሩቅ አይደለም፣ በአንድ የመምህራን ኮሌጅ አንጓች የምትባል የገበሬ ልጅ ትማር ነበር። ለመመረቅ አንድ ወር ቀርቷታል። ስልኳ ከመደወልና ከማብራት በቀር ሌላ ሙያ አልነበረውም።

መምህር ይርሳው አምስት ኮርስ ተጭኖበት ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ማሽን አዝዞ የአንዱን ኮርስ ማስታወሻ በአንድ ከሰዓት በኋላ አስጻፈና ስሙን ከላይ አኖረበት። ለተማሪዎቹም፣ «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትሉ፤ ቃል በቃል ያዙት» አላቸው። ሌሎቹ እንደመሰላቸው አነበቡት። አንጓች ግን የታዘዘችውን የምታደርግ ልጅ ናትና እንደ ዳዊት ሸመደደችው፤ የማጠቃለያ ጽሑፏንም ከዚያው በእጇ ጻፈች።

መምህርት ስመኝ የመቶ ሰማንያ ተማሪ ጽሑፍ እንድታርም ተሰጣት። ማን አንብቦ ይጨርሰዋል? በስልኳ ፎቶ እያነሳች ለዚያው ማሽን አሳየችውና የሰው ነው ወይስ የማሽን ብላ ጠየቀችው። የአንጓች ላይ ሲደርስ የማሽን ነው አላት። አልዋሸም፤ የራሱን ቃል ነው ያወቀው። ስመኝም ዜሮ ሰጥታ በማጭበርበር ከሰሰቻት።

መምህር ገረመው በጠመኔው የሚኮራ፣ ማሽኑን በዓይኑም ማየት የማይፈልግ ሰው ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ እሱ ነበር። ጽሑፉን ሲያነብ በተማሪዎች እጅ ያየው የይርሳው ማስታወሻ መሆኑን ለየው። ይርሳው ለስልጠና ሄዷል፤ ባልደረባን በሌለበት ማዋረድ ነውር መሰለው። አንጓች፣ «እኔ እኮ ያጠናሁትን ነው የጻፍኩት» ብላ አለቀሰች። ገረመው ዝም አይነቅዝም ብሎ ፈረመ፤ ልጅቷም ተባረረች።

አባቷ አቶ ቢምረው ማስታወሻውን ይዘው ኮሌጅ ሲመጡ ሁለት ወር አልፎ ነበር። ከጽሑፏ ጋር ሲያስተያዩት አንድ ሆነ። ኮሌጁ ትመለስ አለ። ማን ይመለስ? አንጓች በደላላ ድንበር ተሻግራለች፤ ድምጿ ከተሰማም ሰንብቷል። ሳወራው እንኳ ያንገበግበኛል።

ሽማግሌ ገባ። በአገሩ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ ይወድቃል። ሦስቱ መምህራን አብረን እንሸከም አሉ። አቶ ቢምረው ግን እምቢ አሉ። «ጥፋት ለሦስት ሲካፈል ማንንም አይከብድም። አንዱ ይሸከም።»

ይርሳው፣ «እኔ አልከሰስኳትም» አለ።

ስመኝ፣ «ማስታወሻው ከየት እንደመጣ በምን አውቄ?» አለች።

ገረመው፣ «እኔ ጋ የደረሰው በሁለቱ ከተበላሸ በኋላ ነው» አለ።

ሽማግሌዎቹ መፍረድ ቢያቅታቸው ድንጋዩን ከአቶ ቢምረው አጥር ሥር አስቀምጠው ሄዱ። ዛሬም እዚያው ነው፤ የአንጓች እናት በወጣች በገባች ቁጥር ታየዋለች። እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፦ ድንጋዩ የሚገባው ለማን አንገት ነው?