ዞስተር የያዘው ሸማኔ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሸማኔ። ሥምረት፣ «ሲስተር፣ ዞስተር ማለት ምን ማለት ነው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ በክፍል ውስጥ ያልመለስኩልሽ በእሱ ምክንያት ነው። ቃሉ የግሪክ ነው፤ መታጠቂያ፣ መቀነት ማለት ነው። እኛ አልማዝ ባለጭራ የምንለው በሽታ ነው።

ሸማኔው በግራ ጎኑ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣበት። ጎረቤቶቹ ሊጠይቁት መጥተው፣ «ጭራው ወገብህን ዞሮ ራሱን የነካ ዕለት አለቀልህ» አሉት። አመነ። ከሸማው ክር ቆርጦ ለሚስቱ ሰጣት፤ እሷም ሽፍታውን በየማለዳው ትለካለት ጀመር። በአራተኛው ቀን ከእምብርቱ አጠገብ እስከ ጀርባ አጥንቱ ደረሰ።

«ስንት ቀረኝ?» አላት።

«ግማሽ።»

«እንግዲህ ሳልሞት ልንገርሽ። ከእኔ በፊት ሽማግሌ የላከብሽ ሰው ነበር። ሽማግሌዎቹን መንገድ ላይ አግኝቼ ‹ልጅቷ ታጭታለች› ብዬ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ሚስቱ ክሩን ጠቅልላ አስቀመጠች። ያንን ሰው ትወደው ነበር፤ ሸማኔውን ያገባችው ያኛው የናቃት መስሏት ነው።

በማግሥቱ ለካች። ሽፍታው ከቦታው አልተነቃነቀም። በሦስተኛው ሳምንት ደረቀ። ሰውየው ይደሰት ወይስ ይፈር ግራ ገባው።

«አልሞትኩም እኮ» አላት።

«አየሁህ። ከተናዘዙ በኋላ መዳን ያሳፍራል» አለችው።

ሥምረት፣ ያቺ ሚስት እኔ ነኝ። ያኔ ተመርቄ በጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ይህ መቀነት ከጀርባ አጥንት አልፎ ወገብን እንደማይዞር ተምሬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ልነግረው አፌን ስከፍት፣ «ከመሞቴ በፊት የምነግርሽ ነገር አለ» አለኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዬ «አትሞትም» የምትለዋን አንዲት ቃል ዋጥኳት፤ አራት ቀን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ ክር ለካሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። እሱ እስከ ዛሬ በፊቴ አንገቱን ይደፋል፤ ነገሩን የሰማ ሁሉ እኔን ይቅር ባይ ይለኛል። ከሁለታችን የበደለው ማን እንደሆነ ለይቼ አላውቅም።

በሽታውም እንዲሁ ነው። በልጅነት የወጣ ጉድፍ ዳነ ሲባል ከነርቭ ሥር ተሸሽጎ ዓመታት ይቀመጣል፤ ሰውነት ሲደክም ወገብ ላይ ይወጣል። የባሌ ምስጢር ወጣና ደረቀ። የእኔን ዛሬ ለአንቺ ነገርኩሽ፤ ይህ መውጣት ይባል እንደሆነ ግን አላውቅም፤ መንገር የነበረብኝ ለእሱ ነውና።