ኃላፊው ያረቀቁት ደንብ

ወንዟ በጋ በመጣ ቁጥር በሚደርቅባት አንዲት ከተማ፣ ሶፍትዌር በፍላሽ እየገለበጠች የምትተዳደር ምላሰኛ ሴት ነበረች። አንድ ቀን፣ ውጭ አገር ለስብሰባ ደርሰው ከመጡ ወዲህ መሬት አይንካኝ ያሉት የከተማዋ ንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ አቶ ልሳነወርቅ፣ የገበያውን ነጋዴ ሁሉ ሰብስበው ሴትዮዋን መሐል ላይ አቆሟት።

«በሠለጠነው አገር የሰው ሥራ መገልበጥ ሌብነት ነው!» አሉ። «እዚያ ቢሆን ይሄኔ እስር ቤት ነበርሽ። ይህ ደንብ እኔው ራሴ፣ በገዛ ጭንቅላቴ ያረቀቅኩት ነው። ስሚ!»

ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ፦ «የሰው ሥራ የገለበጠ ማንኛውም ሰው፣ ኮምፒውተሩን በአቅራቢያው ለሚገኘው የባሕር ወደብ ፖሊስ ወዲያውኑ ያስረክባል።»

ባሕር በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ነጋዴ እርስ በርሱ ተያየ። ሴትዮዋ እስከዚያ ድረስ እንጀራዬ ተነጠቀ ብላ ስትሰጋ ነበር፤ ወደብ ሲሉ ግን ፍርሃቷ ለቀቃት።

«ምነው፣ ምላስሽን ዋጥሽው? ታስረክቢያለሽ ወይስ አታስረክቢም?» ብለው አፈጠጡባት።

«ኧረ አስረክባለሁ ጌታዬ፣ ባሕሩን ያምጡልኝ እንጂ» አለች። «ለሌላ ጊዜ ግን ሕግ መገልበጥ ሲያምርዎት እኔ ጋ ብቅ ይበሉ። እኔ የምገለብጠው ቢያንስ እዚህ አገር ይሠራል።»